በሰው ግድግዳ ላይ ያለ ቆጣሪ

ባሌ እንድሪስ በገዛ ገንዘቡ ያስገባው የመብራት ቆጣሪ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በሰው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። እኔ ደግሞ ከዚያው ቆጣሪ አንዲት ሽቦ በመስኮት ተስባልኝ፣ የራሴን መብራት በሰው ፈቃድ ሳገኝ ኖርኩ። ይህን ላወራ ስጀምር ሰው ሁሉ «እሱማ አለፈ እኮ» ይለኛል። ያለፈው ለእነሱ ነው። እኔን ግን አምፖሌን ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ ያንገበግበኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ፣ ከባድ መኪኖች ከሚያድሩበት ሜዳ ጀርባ፣ እንድሪስ ቤት ሠራ፤ ፊት ለፊት ባለ ሦስት ክፍል፣ ከጓሮ ደግሞ አንዲት ክፍል። እሱ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ቆርቆሮው ተመትቶ፣ መብራቱ ገብቶ፣ ግድግዳው ሳይለሰን ገንዘቡ አለቀ። ስለዚህ ትልቁን ቤት አከራይተን እኛ ለጊዜው ከጓሮዋ ገባን፤ በኪራዩ እናስለስናለን፣ ኮርኒስ እናስመታለን ብለን። ያኔ በኛ ሰፈር ቤት የሠራ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ራሱ ጓሮ ተጣቦ ይኖርና ፊቱን ያከራያል። ተከራዮቻችን ፈንታሁን የሚባል የመጋዘን ጸሐፊና ሚስቱ ሸዋረጋ ነበሩ። ዓመት ሳይሞላቸው፣ በስድሳ ሰባት ሐምሌ፣ የትርፍ ቤት አዋጅ ታወጀ። የተከራየው ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ባለቤቱ የሚኖርበት ለባለቤቱ ቀረ። እኛ የምንኖረው ከጓሮዋ ነበር።

እንድሪስ ከአሰብ ሲመለስ ነገርኩት። ከመኪናው ሊወርድ አንድ እግሩን አውጥቶ ነበር፤ መልሶ አስገባና በሩን ዘጋ። ብዙ ቆይቶ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቤት አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ግን ተንፍሼ አልጨረስኩም።

ቆጣሪው የተሰቀለው ከትልቁ ቤት ሳሎን ስለነበር አብሮ ሄደ። ለኛም የራሳችን ይግባልን ብዬ አመለከትኩ፤ ለአንድ ግቢ አንድ ቆጣሪ ይበቃዋል ተባልኩ። እንግዲህ ትናንት ኪራይ ትከፍለኝ የነበረችው ሸዋረጋ ሰጪ፣ እኔ ተቀባይ ሆንኩ። በአምፖል ቆጥራ ታስከፍለኛለች። ስትተኛ ዋናውን ታጠፋዋለች፤ የኔም ይጠፋል። ለዘመድ ሠርግ ሐርቡ ስትወርድም ዋናውን አጥፍታ፣ ቤቷን ቆልፋ ነው የምትሄደው። ብጠይቃት «እሳት ቢነሳስ እቴ ረሂማ» ትለኛለች።

ሸዋረጋን ክፉ ናት አልልም። መዲናን ስወልድ ገንፎውን ያገነፋችልኝ እሷ ናት። ለኢድ እሷ ትመጣለች፣ ለፋሲካ እኔ እሄዳለሁ፤ ሥጋው ብቻ ነው የሚለየን። ነገር ግን ማብሪያ ማጥፊያው በእጇ ነበር። በእጇ መሆኑንም ታውቃለች።

ከዓመታት በኋላ እንድሪስ ሚሌ በረሃ ላይ መኪና ተገልብጦበት ሞተ። የተወልኝ አንዲት ልጅ፣ አንዲት የጓሮ ክፍልና ከአሰብ ያመጣትን አጭር ነጭ ፍሪጅ ነው። ፍሪጇን ለጉራ ነበር ያስቀመጥናት። ከውሃና ከሎሚ በቀር የሚገባባት ነገር አልነበረንም።

መዲና አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ ውሃ ጥም ያዛት። እንስራውን ታጋምሰው ጀመር። ከሳች፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ። የአባቷ ሐዘን ነው አልን። ሼኽ ዘንድ ወሰድኳት፤ ዱዓ አደረጉላትና «አሁን ደግሞ ደሴ ሐኪም ይያት» ብለው ሰደዱን። ደሴ ስኳር ነው ተባለ። በየቀኑ መርፌ፣ እስከ ዕድሜ ልክ። አልጣሽ የምትባል ነርስ የብርጭቆውን መርፌ እንዴት እንደምቀቅል፣ ጭኗ ላይ የት እንደምወጋ አሳየችኝ። ከዚያ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከፍ አደረገችና፣

«ይሄ ሙቀት አይወድም» አለችኝ። «ከሞቀ ይሞታል። መሞቱን ግን ብልቃጡ ላይ አታዪውም፤ ልጅቷ ላይ ነው የምታዪው።»

ይህችን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ረስቻት አላውቅም።

ፍሪጇ ጉራነቷ ቀረ። ግን ጅማቷ ከሸዋረጋ ሳሎን ነው። መጀመሪያ ስትሰማ ሸዋረጋ አለቀሰች። «ለልጅ ነው፣ ምን ችግር አለው» ብላ ዋናውን ማጥፋት ተወች። ወር አልቆየም፣ ባሏ የመብራት ክፍያው ተቆለለ ብሎ ያጉረመርም ጀመር። «ፍሪጅ እንደ አምፖል አይደለም እቴ፣ ይጠጣል» አለችኝ። ጨመርኩላት። አንድ ጊዜ ደግሞ ሐርቡ ተጠርታ ስትወጣ፣ ሆን ብላ አይደለም፣ እጇ ለምዶባት ዋናውን አጥፍታ፣ ቆልፋ ሄደች። እኔም መብራቱ ከከተማው ጠፍቶ መስሎኝ ይመጣል እያልኩ ጠበቅሁ። ጎረቤት ቤት ሲበራ አይቼ ነው የገባኝ። የፍሪጇ ውሃ ወለሉ ላይ ፈስሷል።

ያን ብልቃጥ መጣል አልቻልኩም። ሌላ የለኝማ። ወጋኋት። በሦስተኛው ቀን መዲና ትተፋ ጀመር፣ ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ሸተተ፣ ስጠራት መልስ አጣሁ። የእንድሪስ ረዳት የነበረው፣ ዛሬ ራሱ ሾፌር የሆነው ጀማሉዲን ከጭነት መኪናው ጋቢና አስተኝቶ ደሴ አደረሰልኝ። ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። ሸዋረጋ ስንመለስ ልትጠይቃት መጣች። ምን ይዛ ብትመጣ ጥሩ ነው? ማር። ለስኳር በሽተኛ ማር። መዲና እንኳ በዚያ ሁሉ ድካሟ ሳቀች።

ከዚያ ሰማንያ ሁለት መጣ። ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ገባ፣ መንገዱ ወታደር ብቻ ሆነ፣ መብራት ከነጭራሹ ከከተማው ይጠፋ ጀመር። አንዳንዴ አንድ ማታ ነው፣ አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ። ለምን እንደጠፋ የሚነግረን የለም፤ ወሬ ብቻ ነው። ሰዉ ሻማና ላምባ ፍለጋ ይራወጣል። ሸዋረጋ «አሁንስ እኩል ሆንን» ብላ ትቀልድብኛለች። ሰው መብራት ጠፋ ሲል የሚያስበው ጨለማውን ነው። እኔ ጨለማውን ምን አለኝ፤ ለምጄዋለሁ። እኔ የማስበው ሙቀቱን ነበር። ኮምቦልቻ በበጋ ከቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ምን እንደሆነ ያልኖረበት አያውቀውም።

ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልዬ እርጥብ ጆንያ ውስጥ፣ ጆንያውን ከእንስራው ሥር አኖራለሁ። ይቀዘቅዛል? ይቀዘቅዛል። ይበቃል? እሱን ማን ይንገረኝ። መርፌውን ከወጋኋት በኋላ ቀኑን ሙሉ እሷን ማየት ነው ሥራዬ። ወደ እንስራው በሄደች ቁጥር «ጠማሽ እንዴ?» እላታለሁ። «ኧረ አልጠማኝም እማየ፣ አፌን ልጉመጥመጥ ብዬ ነው» ትለኛለች። ኋላ ግን ከኔ ተደብቃ ጎረቤት ቤት እየገባች እንደምትጠጣ ሰማሁ። ልጇ ውሃ እንደ ሌባ እንደምትጠጣ የሰማች እናት ምን ትሆናለች?

ወንድሜ አያ የሱፍ ከደሴ ወርዶ መከረኝ። እዚያው ሆጤ ሰፈር ነው የሚኖረው፤ ልብስ ሰፊ ነው፤ አምስት ልጆች ሁለት ክፍል ውስጥ ያሳድጋል። «ደሴ ራሷ ፍሪጅ ናት» አለኝ። «እዚያ መስኮት ላይ ብታስቀምጪው ይኸው ቅዝቃዜ። ልጅቷን ያዢና ውጪ። ተጣበን እንኖራለን።»

እንቢ አልኩ። ቤት ዘግቶ የሄደ ሰው ምን እንደሚገጥመው አይቻለሁ። ደጋን ከተማ ልጇን ልታስታምም የሄደች የሰፈራችን ሴት ስትመለስ ሰው ገብቶበት አገኘችው፤ ክፍት ቤት ነው ተብሎ ለተቸገረ ተሰጥቷል። ትልቁን ወሰዱብኝ፣ አሁን ደግሞ ጓሮዋን በገዛ እጄ ላስረክብ? እንድሪስ የሠራትን አንዲት ክፍል? አያ የሱፍ ተናደደ። ግትር ነሽ፣ አባታችንም እንዲህ ነበር፣ አለኝ። ምሳውን እንኳ ሳይጨርስ ተነሣ።

ታዲያ ምን ላድርግ ብዬ አሰብኩ። በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ አለ የሚል ሰው ነበር። ላምባውን የሚያድለው ግን ቀበሌ ነው፤ ወረፋው ላይ ሲገፉኝ፣ አለቀ ሲሉኝ፣ ነገ ነይ ሲሉኝ የልጄ ነፍስ በእነሱ እጅ ትገባለች ማለት ነው። ጠላሁት። ጀማሉዲን ደግሞ አንድ ቀን ሲያልፍ፣ አሰብ ላይ ትንሽ ጄኔሬተር ይገኛል አለኝ። ሻንጣ የምታክል፣ አንድ ሰው የሚሸከማት፣ ፍሪጅ የምታስነሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። የራሴ መብራት። ከማንም ግድግዳ የማይሳብ።

የሚሸጥ ነገር ያለኝ ወርቄ ነበር፤ የሠርጌ ወርቅ፣ ለመዲና ሠርግ ያስቀመጥኩት። ብሸጠው ልጄ ባዶ አንገቷን ልትዳር ነው። ባልሸጠው ደግሞ የሚዳር አንገትም ላይኖር ነው። እያወጣሁ አየዋለሁ፣ መልሼ እቋጥረዋለሁ። ጀማሉዲንም ቢሆን ልቤን አላሞቀውም። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ኩፖን ደግሞ ለመኪና እንጂ ለሴት ጓሮ አይሰጥም፤ እኔ የምችለውን ከሾፌር ጓደኞቼ እለምንልሻለሁ፣ ባልቻልኩ ቀን ግን ሞተሩ ብረት ነው፣ አለኝ። በሰፈሩ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። «ረሂማ ፋብሪካ ልትከፍት ነው» ይላሉ። «ሠራተኛ ስትቀጥሪ እንዳትረሽን» ትለኛለች ሸዋረጋ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ መዲና ከትምህርት ቤት ደጃፍ ወድቃ በሰው ተደግፋ መጣች። ወርቁን የዚያን ቀን ሸጥኩት። ከዚያ በኋላ ምክር አልፈለግሁም።

ጄኔሬተሯ ከጨው ጆንያ ሥር ተደብቃ መጣች። ጀማሉዲን ገመዷን እንዴት እንደምስብ አሳየኝ፤ በመጀመሪያ አልነሣ አለች፣ ኋላ ጮኸች፣ ጓሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ። ፍሪጇ ግርር ብላ ስትነሣ መዲና ጆሮዋን በሯ ላይ ለጠፈችና «አባየ የመጣ መሰለኝ» አለች። ፊቴን አዞርኩ።

አመሻሹ ላይ ለጥቂት ጊዜ አስነሣታለሁ፤ ፍሪጇ በረዶ ስትይዝ አጠፋና በብርድ ልብስ እጠቀልላታለሁ፣ እስከ ማግሥቱ ትቆያለች። ጀማሉዲን አጥብቆ ያለኝ አንድ ነገር ነው። ድምፁን የመኪና ሜዳ ድምፅ ይሸፍነዋል፣ ብርሃን ግን አታሳዪ፣ አለኝ። መስኮቷን በጆንያ ጋረድኩ። አምፖል እንኳ አላበራሁም፤ ኩራዟን ይዤ እቀመጣለሁ። መዲና ቀስ በቀስ ወደ እንስራው መሄድ ተወች። ጉንጯ ተመለሰ። እኔም እንቅልፍ ምን እንደሚመስል አየሁ።

እዚህ ላይ ነገሩ ቢያበቃ ደስ ባለኝ።

ሸዋረጋ መጣች። ከተማው ከጨለመ ሰንብቷል፤ ሻማ የለም፣ ላምባ የለም። በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢ ስላት እንኳ አልገባችም። ልጆቿ ለፈተና እያጠኑ እንደሆነ ነገረችኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፣ ስለ መዲና ጠየቀችኝ፣ ነጠላዋን አሥር ጊዜ አስተካከለች። ልታወጣው አልቻለችም። እኔም አልረዳኋትም። መጨረሻ ላይ፣

«እቴ ረሂማ» አለች፣ «አንዲት አምፖል ብቻ። ሽቦው ከኛ አለ።»

ወላሂ፣ እንቢ ልል ነበር። የጀማሉዲን ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። ነገር ግን ይህን ቃል ከዚህች ሴት አፍ ስንት ዓመት ሙሉ ጠብቄዋለሁ፤ እንደምጠብቀው ራሴም አላውቅም ነበር። ለልጆቿ ብዬ አልነበረም። ሽቦውን ራሴ ይዤ ሄድኩ፣ ራሴ በመስኮት አሳለፍኩ፣ ከእንድሪስ ቆጣሪ ሥር ቆሜ አምፖሏን ራሴ አጠበቅኋት። ከዚያ ዞር ብዬ፣

«ስተኛ አጠፋዋለሁ» አልኳት። «እሳት ቢነሳስ።»

ገባት። ሳቀች፣ ግን ሳቋ ከጥርሷ አላለፈም። «ይገባኛል እቴ» አለችኝ።

ያን ሳምንት ከሠርጌ ሳምንት የበለጠ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። ሲመሽ ገመዱን እስባለሁ፤ የሸዋረጋ ሳሎን ቦግ ይላል። እንቅልፌ ሲመጣ አጠፋለሁ። አንድ ማታ ልጇ እየጻፈ እያለ አጠፋሁበት፤ ሲጮህ ሰማሁ፣ እናቱ ዝም ስታሰኘውም ሰማሁ። መዲና ከጎኔ ሆና «ምን አደረጉሽ?» አለችኝ። ተኚ አልኳት።

የረሳሁት የሸዋረጋ ሳሎን መስኮት ወደ መንገድ የሚከፈት መሆኑን ነው። ረሳሁት ልበል እንጂ፣ የሠራነው እኛ ነን፤ እንድሪስ ነው መንገዱን ልይ ብሎ ያዞረው። ከተማው ሁሉ ጥቁር ሆኖ ሳለ አንዲት መስኮት ብቻ ታበራለች። ከወታደሩ እስከ ሰካራሙ ያያታል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ብሩ በጠራራ ፀሐይ ሁለት ጥበቃ አስከትሎ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ቆቡን አውልቆ ነው የገባው። «ጓድ ረሂማ፣ ሞተር አለሽ አሉን» አለ። አለኝ አልኩት፤ ምን ብዬ እደብቃለሁ፣ አጠገቤ ተቀምጣ። ለአዳራሹ የድምፅ ማጉያ ያስፈልገናል፣ የእናት አገር ጥሪ ስብሰባ አለ፣ መብራት የለም፣ በውሰት እንወስዳለን፣ አለኝ። ፍሪጇን ከፍቼ ብልቃጡን አሳየሁት። የልጄን ጭን አሳየሁት፣ መርፌ የበሳውን። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ እግሩን ልይዝ ነበር።

«ስብሰባው እንዳለቀ ይመለሳል» አለኝ። ዓይኔን ግን አላየም።

ያኔ ሸዋረጋ ከትልቁ ቤት ወጣች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጅቷ ትሞታለች» አለች፣ ጮክ ብላ፣ ጥበቃዎቹ እየሰሙ። «መብራቱን የለመንኩት እኔ ነኝ። እኔን ቅጡኝ።» ይህንን ብላለች፤ አልክድባትም። ማንም አልቀጣትም። ሞተሯን በሁለት በኩል ይዘው ሄዱ። ጀሪካኑን እንኳ አልተዉልኝም።

ስብሰባው አለቀ። ሌላ ስብሰባ ተጠራ። በየቀኑ እሄዳለሁ፤ አዳራሹ በር ላይ ሆኜ የራሴ ሞተር ስትጮህ እሰማለሁ። ነገ ነይ ይሉኛል። አንድ ቀን ድምጿ ጠፋ። ወደ ግንባር ከሚሄድ ዕቃ ጋር ተጫነች አሉኝ። ማን ጫናት፣ ማን አዘዘ፣ የሚያውቅ የለም። ብሩ ቆቡን አውልቆ «እናዝናለን» አለኝ።

ግንቦት ገብቶ ነበር። ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሏል። መብራት የለም። ብልቃጥ አንዲት ብቻ ቀርታኛለች፤ ደሴም መድኃኒቱ እንደ ልብ አይገኝም፣ አልጣሽ ያላትን ነው የሰጠችኝ። ጆንያውን አርሳለሁ፣ ይደርቃል፤ አርሳለሁ፣ ይደርቃል። ውሃውም ሞቋል። መርፌውን ስወጋት መድኃኒት ይሁን ውሃ የምወጋት አላውቅም። መዲና መደበቅ ተወች። ፊት ለፊቴ ጣሳውን ሞልታ ትጠጣለች፣ እንደገና ትሞላለች፣ ዓይኗን ከዓይኔ አታነሣም። ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ሸዋረጋ እንስራ እንስራ ውሃ ትቀዳልናለች።

እኔ ምን አደርግ ነበር? ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ቁልፌን እያሻሸሁ ለሌላ ሞተር ምን እንደምሸጥ አስባለሁ። በአላህ፣ ያን አስብ ነበር። የሚሸጥ የለኝም፤ ግን አስባለሁ።

«እማየ» አለችኝ መዲና። ፍራሹ ላይ ተጋድማ ነበር። ድምጿ እንደ አሮጊት ሆኗል።

«አቤት።»

«እኔ ስሞት ይህን ቤት ለማን ልትጠብቂው ነው?»

እንደ ቁጣ አልነበረም። የእውነት ልታውቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። ተነሥቼ ወጣሁ፤ የት እንደምሄድ ሳላውቅ የመኪናውን ሜዳ ዞርኩት። ጀማሉዲን ጎማ ሲነፋ አገኘሁት። ወደ ደሴ ባዶውን ይወጣ እንደሆነ ጠየቅሁት። ባዶ ነው አለኝ። መጥረቢያና ጉጠት እንዳለው ጠየቅሁት። ግራ ገብቶት አየኝ።

«ለምን?» አለኝ።

«ቤቴን ልጭን» አልኩት።

የፈራሁት ክፍት ቤት ትቼ መሄዱን ነው፤ ቤት ከሌለ ማንን የት ያስገባሉ? ለጀማሉዲን እንዲህ አልኩት። ቆርቆሮው የኔ ነው፣ ማገሩ የኔ ነው፣ በሩና መስኮቱ የኔ ነው። ጀማሉዲን አብዳለች ብሎ መሆን አለበት፤ ግን የእንድሪስ እጅ ያሳደገው ልጅ ነው፣ መኪናውን የኋሊት ወደ ጓሮ አስገባ። መዲናን ከሸዋረጋ ሳሎን፣ ቀዝቀዝ ካለው ጥግ አስተኛኋት። ብልቃጡን ሸዋረጋ ራሷ በእርጥብ ጨርቅ ይዛ ታራግብለት ጀመር፤ ሳልጠይቃት። እኔ መሰላሉን አቁሜ ከጣሪያው ወጣሁ። ቀሚሴን በመቀነት ሰብስቤ፣ ምስማሩን አንድ በአንድ ነቀልኩ። ቆርቆሮው እጄን አቃጠለኝ። ምስማሩ ሲወጣ ይጮሃል፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ማንም አልሳቀም። ኋላ የፈንታሁን ልጅ፣ ያ መብራት ያጠፋሁበት፣ ከታች ሆኖ ቆርቆሮውን ይቀበለኝ ጀመር።

ብሩ ሰምቶ መጣ። ከታች ሆኖ አንጋጠጠ። ቤት ያለ ፈቃድ አይፈርስም፣ ውረጂ፣ አለኝ። ጥበቃዎቹም አብረውት ነበሩ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት ከላይ ሆኜ፣ «ትርፉ የመንግሥት፣ የምትኖሩበት የናንተ አላላችሁም? ይህ የምኖርበት ነው። ትርፉ ያውላችሁ።» በመዶሻው ትልቁን ቤት አሳየሁት።

አንድ ጥበቃ ወደ መሰላሉ ተጠጋ። ሸዋረጋ ከነብልቃጧ ደጃፏ ላይ ቆማለች፣ ጎረቤቱ ቆሟል፣ ሾፌሮቹ ከሜዳው መጥተው ቆመዋል። ብሩ ቆቡን አላወለቀም በዚህን ጊዜ። ለጥበቃው እጁን አወዛወዘለትና ሄዱ። ፈርቶኝ አይመስለኝም። አንዲት የጓሮ ክፍል ለምን ጣጣ ታመጣብኛለች ብሎ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ግድግዳው ብቻ ቀረ። ጭቃውን መጫን አይቻልም። ቆርቆሮ፣ ወጋግራ፣ በር፣ መስኮት፣ ፍራሽ፣ ሁሉም ተጫነ። ፍሪጇን ጀማሉዲን ሊያነሣት ሲል ተዋት አልኩት፤ ለሸዋረጋ ትሁን፣ መብራቱ ከመጣ። ሸዋረጋ እያለቀሰች አቀፈችኝ፤ እኔ አላለቀስኩም። ቂሜን ይቅር አልኳት ልል አልችልም። ግን አቀፍኳት። ብልቃጡን ከእጇ ተቀበልኩ።

መዲናን መሐላችን አስቀመጥናት። ራሷ ትከሻዬ ላይ ነው፤ ትንፋሿ ያ ፍሬ ፍሬ የሚል ሽታ ጀምሮታል። ጀማሉዲን ሽታውን ያውቀዋል፤ ፍጥነት ጨመረ። ከኋላ ቆርቆሮው በየጉድጓዱ ይንኳኳል። ቀጥታ ሐኪም ቤት እንግባ፣ ቆርቆሮውን ለአያ የሱፍ ኋላ ታደርሳለህ አልኩት። አልጣሽ ተራዋ ይሁን አይሁን አላውቅም። መድኃኒት ይኑራት አይኑራት አላውቅም። በእጄ ያለው ይሙት ይዳን አላውቅም።

የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ጉም ወረደ። ከኮምቦልቻ በዚህች አጭር መንገድ አገሩ ይለወጣል፤ ብርዱ በመስኮት ገብቶ ፊታችንን መታን። መዲና ተንቀጠቀጠች፣ እጇን ዘርግታ መስኮቱን ልትዘጋ ሞከረች። እጇን ያዝኩት፣ ነጠላዬን አለበስኳትና ብልቃጡን የያዘውን እጄን ወደ ውጭ፣ ወደ ብርዱ አወጣሁት።